በቅሎ ለምን አትወልድም? ጃኬትዎን ያምጡና እንይ

በቅሎን «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «እናቴ ፈረስ ናት» አለ ይባላል። ይህን ተረት የምንመዘው ዘሩን እየመረጠ የሚቆጥር ሰው ሲያጋጥመን ነው። በቅሎው ግን አልዋሸም፤ ግማሹን ዋጠው እንጂ። እናቱ ባዝራ፣ አባቱ አህያ ነው።

ሁለቱ ተዳቅለው እንዲህ ያለ ብርቱ እንስሳ ከወለዱ፣ በቅሎዋ ራሷ ለምን መካን ሆነች? መልሱን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግዎትም። ጃኬትዎን ያምጡ። የእኛ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነውና ጃኬት አጣሁ የሚል አንባቢ አይኖርም።

ዚፑን ይዝጉት። የቀኙ ጥርስ በግራው ጥርስ መካከል እየገባ አንድ በአንድ ይቆለፋል። አሁን ሌላ ጃኬት ይጨምሩ፤ ጥርሱ ደቀቅ ያለ የልጅ ጃኬት ቢሆን ይመረጣል። የአንዱን ቀኝ ከሌላው ግራ ጋር ለመዝጋት ይሞክሩ። ሁለት ሦስት ጥርስ ይያያዝ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ እንቢ ይላል። በግድ አይጎትቱት፣ ይበላሽብዎታል።

እንስሳ ሁሉ በሰውነቱ ሴሎች ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ ክሮች አሉት። የሰውነቱ መመሪያ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ይመጣል። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው። ባዝራዋ ለውርንጭላዋ 32 ትሰጣለች፣ አህያው 31። የበቅሎ ድምር 63 ነው።

ክሮቹ ካልገጠሙ ታዲያ በቅሎዋ እንዴት አደገች? ሰውነት ሲያድግ ሴሉ እያንዳንዱን ክር ለየብቻው ይገለብጠዋል እንጂ የእናትን ከአባት ጋር ማቆላለፍ አይጠበቅበትም። ሁለቱን ጃኬቶች ደርበው ቢለብሱ አንዱ ከሌላው ጋር ባይዘጋም ይሞቅዎታል። ጣጣው የሚመጣው በቅሎዋ በተራዋ እንቁላል ልትሠራ ስትል ነው። ያኔ የእናት ክር ከአባት ክር ጋር ጥርስ ለጥርስ ተጋጥሞ ለሁለት መከፈል አለበት። የባዝራዋ ዚፕና የአህያው ዚፕ እዚህ ላይ እንቢ ይላሉ።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በ63 ላይ ይደፈድፋል፤ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ። ይህ ግማሽ መልስ ነው። የሞንጎሊያ የዱር ፈረስ 66 ክሮሞሶም አለው፤ ከቤት ፈረስ ጋር ሲዳቀል 65 ያለው ውርንጭላ ይወለዳል፣ ያም አድጎ ይወልዳል። ዋናው ነገር የጥርሱ አሰካክ ነው። እንዲያም ሆኖ አልፎ አልፎ የወለደች በቅሎ ተመዝግባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሞሮኮ ውስጥ አንዷ ወልዳለች።

ወንዱ በቅሎ ይህ ሁሉ አይገባውም። ፍላጎቱ እንደ ድንጉላ ፈረስ ነው፤ መካን መሆኑ እየታወቀ የሚኮላሸውም ለዚህ ነው።

ከአልዩ አምባ ገበያ ጭነት ይዛ የአንኮበርን ዳገት የምትወጣ በቅሎ ካዩ እግሯን ልብ ይበሉ። አረጋገጧና ቻይነቷ የአህያ፣ ቁመቷና ጉልበቷ የፈረስ ነው። ይህን ቅልቅል ግን ለልጅ አታወርሰውም። እያንዳንዷ በቅሎ ከባዝራና ከአህያ እንደ አዲስ ትሠራለች።

አሁን በጋጥዎ ወዳለው በግ እንምጣ። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ላቱ አጭር፣ ጫፉም ወደ ላይ የተቆለመመ ነው። ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ደግሞ ግዙፍ ነው። ጎን ለጎን ቢያቆሟቸው ዘመድ አይመስሉም። ሁለቱም ግን 54 ክሮሞሶም አላቸው፤ ዚፑ አንድ ነው፣ የጃኬቱ ቀለምና ልክ ብቻ ተለየ። ልጆቻቸው ያለ ችግር ይወልዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1967 በተቋቋመው የደብረ ብርሃን የበግ እርባታና ብዜት ማዕከል መጀመሪያ ከገቡት የውጭ ዝርያዎች መካከል ኮሪዴልና ሃምፕሻየር ነበሩበት። ድቅሎቹ ተወለዱ፣ ወለዱም። ገበሬው ግን ጭራቸውን አየና ፊቱን አዞረ፤ ላት የሌለው በግ ለእሱ ምኑም አልነበረም። እኔም ከገበሬው ጋር ነኝ። አዋሲ የተሻለ ተቀባይነት ያገኘው አንድም ባለ ላት በመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሙከራ ይሥሩ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ 10 ነጭና 10 ቀይ ቦሎቄ ይቀላቅሉ። ነጩ የአዋሲ፣ ቀዩ የመንዝ ይሁን፤ ሳህኑ ድቅሉ በግ ነው። ዓይንዎን ጨፍነው 10 ፍሬ ይዝገኑ። ድቅሉ ለልጁ የሚሰጠው ያንን ነው። ሲቆጥሩ 5 ለ5 ሊሆን ይችላል፤ መልሰው ሲዘግኑ ደግሞ 7 ለ3። ከአንድ ድቅል የተወለዱ በጎች መልካቸው የሚለያየው፣ የድቅል ላም ጥጃም አድጋ እናቷን ያህል ላትታለብ የምትችለው ለዚህ ነው። ጊደር ለመግዛት ካሰቡ የእናቷን ወተት ብቻ አይተው ብርዎን አያውጡ።

በግና ፍየልስ? አንድ ጋጥ ያድራሉ፣ አንድ ሜዳ ይግጣሉ፤ ግን ፍየል 60 ክሮሞሶም አለው። ቢጠቃቁም ጽንሱ ብዙውን ጊዜ አይቆይም። ቦትስዋና ውስጥ 57 ክሮሞሶም ያለው የሁለቱ ድቅል ተወልዶ አድጎ ነበር፤ ብርቅ ነው። ገበያ ላይ ፀጉሩ በግ የሚመስል ፍየል ግራ ካጋባዎት ጭራውን ይዩ፤ የፍየል ወደ ላይ ይቆማል፣ የበግ ግን፣ የመንዙ ጫፉ ቢቆለመምም፣ ወደ ታች ይወርዳል።

ዚፑ አልገጥም ማለቱ ለበቅሎ ጉዳት ይመስላል። ቀይ ቀበሮ በሚኖርበት መንዝ ጓሳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀይ ቀበሮና የቤት ውሻ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ሳለ ሁለቱም 78 ክሮሞሶም አላቸው፤ የጥርሱ አሰካክም ስለሚመሳሰል ዚፑ ይዘጋል፣ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ። በባሌ የዌብ ሸለቆ እንዲህ ያሉ ድቅሎች ታይተዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡምና፣ ዘራቸው በውሻ ዘር ከተዋጠ ተመልሶ አይጠራም።

ስለዚህ ጓሳን ለማየት ሲሄዱ ውሻዎን ቤት አስረው ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም አይርሱ፤ ቀበሮዎቹን ከመዳቀሉ ይልቅ ቶሎ የሚጨርሳቸው በሽታው ነው።