ልጅዎ የሚማርበት ትምህርት ቤት በምን ይመዘናል?

በየምግብ ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወላጆች ሲገናኙ ከሥራና ከወረቀት ጉዳይ ቀጥሎ የሚነሣው ወሬ የልጆች ትምህርት ቤት ነው። «እዚያ ሰፈር ያለው ጥሩ ነው አሉ»፤ «ከአሥር ዘጠኝ አግኝቷል»፤ «ሕንፃው አዲስ ነው»። ይህን ሰምቶ ሁለተኛ ሥራ ይዞ፣ የቤት ኪራይ ጨምሮ ሰፈር የሚቀይር ወገን ጥቂት አይደለም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዕድሜ ተመልሶ አይመጣምና ገንዘቡን ከማፍሰሳችን በፊት ምን እየገዛን እንደሆነ ማወቅ ይኖርብናል።

የፈተና ውጤት ሐሰት አይደለም። ነገር ግን «ከአሥር ዘጠኝ» የሚለው ቁጥር ስለ መምህራኑ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ሰፈሩ ነዋሪዎች ገቢ የሚነግረን ይበልጣል። በ1966 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ለአሜሪካ መንግሥት የቀረበው የጄምስ ኮልማን ጥናት ወደ 4,000 ገደማ ትምህርት ቤቶችን መርምሮ፣ ከሕንፃውና ከመሣሪያው ይልቅ የልጁ የቤት ሁኔታ በውጤቱ ላይ እንደሚከብድ ሲያሳይ ብዙዎች ደንግጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ «እንግዲያማ ትምህርት ቤት ምን ያመጣል?» የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ይህኛው ድምዳሜ ግን ልክ አልነበረም። የቺካጎን ታሪክ ማየት ይበቃል።

በ1987 የፕሬዚዳንት ሬገን የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ዊልያም ቤኔት የቺካጎን ትምህርት ቤቶች የአገሪቱ መጨረሻ ናቸው ብለው ዘለፏቸው። በቀጣዩ ዓመት የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ባወጣው ሕግ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ምክር ቤት እንዲኖረው ተደረገ። ሲቋቋም አባላቱ ስድስት ወላጆች፣ ሁለት የሰፈር ነዋሪዎች፣ ሁለት መምህራንና ዲሬክተሩ ነበሩ። ዲሬክተሩን የሚመርጠውና በጀቱን የሚያጸድቀው ይኸው ምክር ቤት ነው። ለእኛ ለስደተኞች ትልቁ ነገር ደግሞ በዚህ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት የአሜሪካ ዜግነት አለመጠየቁ ነው። ቺካጎ ያላችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉ።

ሥልጣኑ በየትምህርት ቤቱ ሲከፋፈል አንዳንዶቹ ተሻሻሉ፣ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። አንቶኒ ብራይክና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ የተሻሻሉ 100 እና ያልተሻሻሉ 100 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አነጻጽረው ውጤቱን በ2010 በመጽሐፍ አወጡ። ልዩነት ያመጡት አምስት ነገሮች ናቸው ይላሉ፦ የዲሬክተሩ አመራር፤ ከወላጆችና ከሰፈሩ ጋር ያለው ግንኙነት፤ የመምህራኑ ችሎታና አብሮ መሥራት፤ ልጁ ሳይፈራ፣ ግን ብዙ እየተጠበቀበት የሚማርበት ሁኔታ፤ ከታችኛው ክፍል ወደ ላይኛው የተያያዘ የትምህርት አሰጣጥ። በአብዛኞቹ የጠነከሩት ትምህርት ቤቶች በአብዛኞቹ ከደከሙት ይልቅ በንባብና በሒሳብ የመሻሻል ዕድላቸው አሥር እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ብቻውን አይበቃም። በርበሬው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሽንኩርቱ ካልበሰለ ወጥ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊያስገርመን የሚገባው ግን ስለ መተማመን የተገኘው ነው። ብራይክ ከባርባራ ሽናይደር ጋር በ2002 ባሳተመው ጥናት፣ በመምህራን፣ በወላጆችና በዲሬክተሩ መካከል ጠንካራ መተማመን ከነበረባቸው ትምህርት ቤቶች ከሁለት አንዱ ሲሻሻል፣ መተማመን ካልነበረባቸው ግን ከሰባት አንዱ ብቻ ነው የተሻሻለው። መተማመን ሲሉም ትልቅ ፍልስፍና አላወሩም። መምህሯ ወላጁን ሳታቋርጥ ትሰማለች ወይ? የተባለው ይፈጸማል ወይ? አንዱ ለሌላው ከግዴታው አልፎ ያስባል ወይ? ሥራውንስ ያውቅበታል ወይ? እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ የኛ አስተዳደግ ጣጣ ያመጣብናል። አገር ቤት ወላጅ ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ «ዓይኑን ብቻ አደራ» ብሎ ነው የሚመለሰው። መምህሩ ያውቃል፤ ጣልቃ መግባት ነውር ነው፤ ዝምታውም አክብሮት ነው። የአሜሪካን መምህር ግን ይህ ዝምታ ግራ ያጋባዋል። ስብሰባ ያልመጣች፣ ለተላከላት ወረቀት መልስ ያልሰጠች እናት ለልጇ ግድ የሌላት ይመስለዋል። እናቲቱ ግን ሌሊት ሆቴል ስታጸዳ ወይም ፓርኪንግ ስትጠብቅ አድራ፣ ልጇን ባስ ላይ አሳፍራ ገና ጎኗን ማሳረፏ ነው። ሁለቱም ቅን ሆነው ሳለ ይተማማሉ፤ በመካከል የሚጎዳው ልጁ ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት ይህን ክፍተት ራሱ ተሻግሮ ይመጣል፤ ሰዓት ይቀይራል፣ ስልክ ይደውላል፣ አስተርጓሚ ያዘጋጃል። ልጁ የሚያሳስብ ነገር ሲያሳይ ብቻ ሳይሆን መልካም ሲሠራም ይደውላል። ወላጅ የሚጠራው ለክስ ብቻ ከሆነ ከዚያ ቤት ብዙ አንጠብቅ።

ክፍል ውስጥ ስትገቡ ደግሞ በመጀመሪያ ንባቡን ተመልከቱ። ፊደላችን ለልጅ ደግ ነው፤ ሀ ሁሌም ሀ ነው። የኔታ ዘንድ ትልቁ ተማሪ ትንሹን እያስቆጠረ ልጁ ድምፁን ካወቀ ያነባል። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ፊደል በአንድ ቃል አንድ ድምፅ፣ በሌላው ሌላ ድምፅ ይሰጠዋል፤ እንዲያውም የሚጻፍና የማይነበብ ፊደል ሞልቶበታል። ስለዚህ የፊደሉንና የድምፁን ግንኙነት በሥርዓት፣ ደረጃ በደረጃ ማስተማር እንደሚጠቅም በ2000 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ሪፖርት አረጋግጧል። ልጁ ሥዕሉን አይቶ ቃሉን እንዲገምት የሚያደርግ ክፍል ካያችሁ ጠይቁ።

የተማሪው ቁጥርም ይታይ። ቴነሲ ውስጥ በ1985 በተጀመረ ሙከራ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ከ13 እስከ 17 ልጆች ባሉበት ክፍል የተመደቡት፣ ከ22 እስከ 25 ካሉበት የተሻለ ተምረዋል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሜዳ ላይ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ሲናገር «ለመደ» ብለን እንዘናጋለን። የካናዳው ምሁር ጂም ከሚንስ እንዳሳየው የጨዋታ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ሲመጣ፣ የመጽሐፉና የፈተናው ቋንቋ ግን አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት ይፈልጋል። እርዳታው ቶሎ እንዳይቋረጥበት ተከታተሉ። «ቤት ውስጥ አማርኛውን ተዉት» የሚል መምህር ቢገጥማችሁ በትሕትና አትስሙት፤ በአማርኛ የገባው ሐሳብ በእንግሊዝኛም ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ስንጠይቅ ልመና አይደለም። በ1974 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ወላጆች ባቀረቡት ክስ፣ ቋንቋውን የማያውቅን ልጅ ያለ እርዳታ ክፍል ማስቀመጥ ከትምህርት እንደ መከልከል መሆኑን ፈረደ። በ1982 ደግሞ ልጅ የመኖሪያ ወረቀት የለውም ተብሎ ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይመለስ ወሰነ። ዋሽንግተን ዲ.ሲ. ያለን ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚያካትታቸው ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችን ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ራሱ የተነገረውን ወቀሳ ለእናቱ እንዲተረጉም አይሰጥም። ምን ብሎ እንደሚተረጉመው መቼም ታውቁታላችሁ!

ትምህርት ቤት ከመምረጣችሁ በፊት በሥራ ሰዓት አንድ ጠዋት ሂዱ። ኮሪደሩ ላይ ዲሬክተሩ ልጆቹን በስማቸው ይጠራቸው እንደሆነ፣ የልጃችሁን ስም በትክክል ለመጥራት ይሞክሩ እንደሆነ፣ ዝም ያለው ልጅ ከኋላ ተረስቶ እንደሆነ እዩ። ልጃችሁ ቀድሞ ገብቶ ከሆነም የወላጅና የመምህር ቀጠሮ ወረቀት ሲመጣ ሳታቆዩ መልሱ፤ አማርኛ አስተርጓሚ የሚፈልግ ከሆነ እዚያው ላይ ጻፉ። ስትሄዱም «ጎበዝ ነው» በሚለው ብቻ አትመለሱ። የትኛውን መጽሐፍ ብቻውን ማንበብ ይችላል? ከክፍሉ የሚጠበቀው የትኛው ነው? በመካከሉ ያለውን ለመሙላት እናንተ ምን ታደርጋላችሁ፣ እኛስ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? መልሱን አስጽፉና ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛችሁት ሂዱ።