የምግብ አቀነባበርና የአዋቂዎች የሰውነት ክብደት

ክብደቱ ከመጠን ያለፈ አዋቂ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ምግብ ይቀንሱ፤ እንቅስቃሴ ያድርጉ» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ ታካሚው ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ክብደት፣ አንዳንዴም ጨምሮ ይመለሳል፤ ባለሙያውም ታካሚው ምክሩን ችላ እንዳለ አድርጎ ይገምታል። በቅርብ ዓመታት የተገኙ ማስረጃዎች ግን ጉዳዩ በሌላ አቅጣጫም እንዲታይ ያስገድዳሉ። አንድ ሰው የሚበላው መጠን የሚወሰነው በራሱ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ምግቡ በተዘጋጀበት መንገድ ጭምር ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ 8 በመቶ ደርሷል። ጭማሪውም በከተሞች ጎልቶ ይታያል። በዚያው በ2016 ጥናት 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ደግሞ ከሚገባው በላይ የከሱ ነበሩ። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አገር፣ አልፎ አልፎም በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ ማለት ነው።

እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2009 በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ካርሎስ ሞንቴይሮ ምግቦችን በንጥረ ነገር ይዘታቸው ሳይሆን በአዘገጃጀታቸው ዓይነትና ዓላማ የመመደብን ሐሳብ አቀረቡ። ኋላ «ኖቫ» የተባለው ይህ አመዳደብ አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ወተትና ሥጋን የመሳሰሉ፣ ያልተቀነባበሩ ወይም በጥቂቱ ብቻ የተዘጋጁ ምግቦችን ይይዛል። ሁለተኛው ዘይት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ጨውን፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ተራ ዳቦና አይብ ያሉ የተቀነባበሩ ምግቦችን ያጠቃልላል።

አራተኛው ክፍል እጅግ የተቀነባበሩ ምግቦች የሚባሉት ነው። እነዚህ በአመዛኙ ከሰብል ከተለዩ ስታርች፣ ስኳር፣ ዘይትና ፕሮቲን፣ ጣዕምን፣ ቀለምንና ልስላሴን የሚያሳምሩ ተጨማሪዎች እየታከሉባቸው በፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው። የለስላሳ መጠጦች፣ በርካታ የታሸጉ ብስኩቶች፣ ከረሜላ፣ ጣዕም የተጨመረባቸው ቺፕሶች፣ ቶሎ የሚደርሱ ኑድልሶችና ቋሊማ በዚህ ይመደባሉ።

እዚህ ላይ ሊታረም የሚገባው የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ጉዳት ያለው ምግብን በማዘጋጀቱ ተግባር አይደለም። ጤፍ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶና ተጋግሮ እንጀራ ይሆናል፤ ባቄላና ሽምብራ ተቆልተውና ተፈጭተው ሽሮ ይሆናሉ። እነዚህ ሁሉ የአቀነባበር ሥራዎች ቢሆኑም ምግቡን አራተኛው ክፍል ውስጥ አያስገቡትም። መታሸግም ብቻውን መለያ አይደለም፤ የታሸገ ተራ ወተት ወይም ደረቅ ፓስታ እጅግ የተቀነባበረ አይባልም። ቀላሉ መለያ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ዝርዝር ማንበብ ነው። በቤት ማዕድ ቤት የማይገኙ ነገሮች ከተደረደሩበት ምግቡ የአራተኛው ክፍል የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ማስረጃው ምን ያሳያል?

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቪን ሆልና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ጥናት በዚህ ረገድ ትልቅ ቦታ ይሰጠዋል። 20 አዋቂዎች ለአራት ሳምንታት በሆስፒታል እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረቡት ሁለት ዓይነት ማዕዶች በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብ፣ በአሰርና በጨው መጠን ተቀራራቢ ነበሩ። ተሳታፊዎቹም የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። እጅግ የተቀነባበረውን ሲመገቡ በቀን በአማካይ 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በመብላታቸው ክብደታቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ 0.9 ኪሎ ግራም ጨመረ። ያልተቀነባበረውን ሲመገቡ ደግሞ ያንኑ ያህል ቀነሰ። ተሳታፊዎቹ ሁለቱንም ምግቦች በጣዕም እኩል እንደወደዷቸው መናገራቸው ልብ ሊባል ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝ አገር የታተመ ሌላ ጥናት 55 አዋቂዎችን በየቤታቸው ተከታትሏል። ሁለቱም የምግብ ዓይነቶች የአገሪቱን የአመጋገብ መመሪያ የተከተሉ በመሆናቸው በሁለቱም ክብደት ቀንሷል። ሆኖም በስምንት ሳምንት ውስጥ በጥቂቱ ብቻ በተዘጋጁት ምግቦች የቀነሰው 2 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ እጅግ በተቀነባበሩት የቀነሰው የዚያ ግማሽ ያህል ነበር።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይመስልም። እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ በመሆኑ ብዙ ማኘክ አይጠይቅም፤ የጥጋብ ምልክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት ብዙ ይበላል። በ2019ኙ ጥናትም ተሳታፊዎቹ ይህን ምግብ ፈጥነው ይበሉ ነበር። ሌላው፣ የውሃ ይዘቱ አነስተኛ ስለሆነ በትንሽ መጠን ብዙ ካሎሪ ይይዛል። በመጠጥ መልክ የሚገባ ስኳር ደግሞ የሚያጠግበው ጥቂት ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ የለስላሳ ጠርሙስ በተለምዶ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከተጨመረና ከመሰል ስኳር የሚገኘው ካሎሪ ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው መልእክት

እነዚህ ጥናቶች አነስተኛና አጭር ጊዜ የወሰዱ ናቸው። በአራተኛው ክፍል ያሉ ምግቦችም ሁሉ እኩል ጎጂ አይደሉም፤ የለስላሳ መጠጥና የፋብሪካ ሙሉ ስንዴ ዳቦ በአንድ ዓይን አይታዩም። ከሁሉም በላይ ግን «የፋብሪካ ምግብ ጎጂ ነው» የሚል ጥቅል መልእክት ከጤና ባለሙያ አንደበት መውጣት የለበትም። ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕክምና የሚሰጠው፣ ከኦቾሎኒ የሚዘጋጀው የታሸገ ምግብ በፋብሪካ የሚሠራ ቢሆንም የሕፃናትን ሕይወት ያተርፋል። አዮዲን የተጨመረበት ጨውም እንዲሁ የፋብሪካ ውጤት ነው። ለአባት የተነገረው ምክር በእናት ጆሮ ሲደርስ ለልጁ የታዘዘውን ሕክምና እንዳያስቀር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በምክር ክፍል ውስጥ

ምዘናው የሰውነት ክብደትን ከቁመት ጋር በማነጻጸርና የወገብን ዙሪያ በመለካት ይጀምራል። የወገብ ልኬት ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ትኩረት ይሻል። ቀጥሎ «ብዙ ይበላሉ?» ከማለት ይልቅ «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን በሉ? ምን ጠጡ? ማን አዘጋጀው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ታካሚው ለስላሳ መጠጥን እንደ ምግብ ላይቆጥረው ስለሚችል ለብቻው ሊጠየቅ ይገባል። በጾም ወራት «የጾም» ተብሎ የሚሸጥ ብስኩት ምሳን ተክቶ እንደሆነም መጠየቅ ያሻል።

አገራዊው ልማድም መታወስ አለበት። «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» የሚለው ንግግር ምርቃት ነው፤ የከሳ ሰው ግን እንደታመመ ይጠረጠራል። ለእንግዳ ለስላሳ መክፈት አክብሮት ነው፤ እምቢ ማለትም ያስቀይማል። ስለዚህ ታካሚው ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ እንዲተው ከማዘዝ ይልቅ በአንዱ መጀመር ይሻላል፤ ለምሳሌ በየቀኑ የሚጠጣውን ለስላሳ በውሃ መተካት፣ ከቡና ጋር ከሚቀርበው ብስኩት ፈንታ ቆሎ መያዝ ይቻላል። በየመንገዱ ለሚውል ሾፌር ወይም በፈረቃ ለሚሠራ ሠራተኛ የታሸገው ምግብ ቅርብና ፈጣን በመሆኑ፣ ምክሩ የገቢውንና የጊዜውን አቅም ያገናዘበ ሊሆን ይገባል።

ኃላፊነቱ በታካሚው ትከሻ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በለስላሳ መጠጦች ላይ ግብር ጥሏል፤ በ2022 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያም ስኳር፣ ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ እንዲቀነስ ይመክራል። ባለሙያው በምክር ክፍል የሚያደርገው ጥረት ፍሬ የሚያፈራው ታካሚውን ከመውቀስ ይልቅ የሚበላውን ምግብ ጠንቅቆ በማወቅ ሲጀምር ነው።