ዋጋው አስቀድሞ የተወሰነ ክትባት፦ ለሕክምና ፈጠራ የሚሰጥ ድጋፍ ፍሬ የሚያፈራው መቼ ነው?

መግቢያ

አንድ አዲስ ክትባት ወይም የሕክምና መሣሪያ ከቤተ ሙከራ ተነሥቶ እስከ ጤና ኬላ ለመድረስ ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡን በአብዛኛው የሚያወጣው ከሽያጩ ትርፍ የሚጠብቅ አምራች ነው። ስለሆነም በሽታው በዋነኛነት የድሆችን አገሮች የሚያጠቃ ሲሆን፣ ዕውቀቱ እያለ ምርቱ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። ይህን ክፍተት ለመሙላት መንግሥታት፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ዓለም አቀፍ ተቋማት ለፈጠራ ሥራ የገንዘብና የትብብር ድጋፍ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ድጋፍ በተሰጠበት ሁሉ ውጤት ይገኛል ማለት አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ እንዲህ ያለው ድጋፍ ፍሬ የሚያፈራባቸውን ሁኔታዎች በአንድ የታወቀ ምሳሌ ማስረዳት ነው። ምሳሌው ሜንአፍሪቫክ የተባለው፣ አገራችንም የተጠቀመችበት የማጅራት ገትር ክትባት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታውና ገበያው

ፈረንሳዊው ሐኪም ላፔይሶኒ በ1963 «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ሲል የገለጸው አካባቢ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋ ነው። በዚህ አካባቢ በደረቁና አቧራማ በሆኑት ወራት በየጊዜው ወረርሽኝ ይነሣ ነበር፤ የአብዛኞቹ ወረርሽኞች መንሥኤም ኔይሴሪያ ሜኒንጂታይዲስ የተባለው ባክቴሪያ ምድብ ኤ ነበር። ኢትዮጵያ በ1981 እና በ1989 ከባድ ወረርሽኞች ደርሰውባታል። በ1996 እና በ1997 በአፍሪካ በተከሠተው ታላቅ ወረርሽኝ ደግሞ ከ250,000 በላይ ሰዎች ታመው 25,000 ያህሉ ሞተዋል። በሕይወት ከተረፉት መካከልም ብዙዎች ለመስማት መሳን፣ ለሚጥል በሽታ ወይም ለአእምሮ ዕድገት መጓደል ተዳርገዋል።

በጊዜው የነበረው የፖሊሳካራይድ ክትባት ሦስት ድክመቶች ነበሩት። ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ በደንብ አይሠራም፤ የሚሰጠው መከላከያ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሚቆይ ነው፤ ባክቴሪያውን በጉሮሯቸው ተሸክመው የሚያስተላልፉ ጤነኛ ሰዎችንም ከተሸካሚነት አያላቅቅም። በዚህ ምክንያት ዘመቻው የሚጀመረው ወረርሽኙ ከተነሣ በኋላ ሲሆን፣ ክትባቱ ሲደርስ ብዙ ሰው አስቀድሞ ታምሞ ይገኝ ነበር።

መፍትሔው በሳይንስ ረገድ እንግዳ አልነበረም። ፖሊሳካራይዱን ከፕሮቲን ጋር በኬሚካዊ መንገድ በማስተሳሰር የሚሠራው ኮንጁጌት ክትባት እነዚህን ድክመቶች እንደሚያስወግድ ይታወቅ ነበር። ብሪታንያ በ1999 በምድብ ሲ ላይ የተዘጋጀ ኮንጁጌት ክትባት ለሕዝቧ መስጠት ጀምራለች። ለምድብ ኤ ግን ተመሳሳይ ክትባት ለገበያ አልቀረበም። ተጠቂዎቹ ለመክፈል አቅም ስላልነበራቸው፣ ትላልቅ አምራቾች ካፒታላቸውን በሌላ ሥራ ላይ ማዋልን መረጡ።

ዋጋ ከምርምር በፊት

በሰኔ ወር 2001 ፓዝ የተባለው ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት፣ በወቅቱ የቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ይባል ከነበረው ተቋም በተገኘ 70 ሚሊዮን ዶላር የማጅራት ገትር ክትባት ፕሮጀክትን መሠረቱ። የፕሮጀክቱ መሪ ዶክተር ማርክ ላፎርስ ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የአፍሪካ ጤና ኃላፊዎችን ማነጋገር ሲሆን፣ የተገኘው መልስ ግልጽ ነበር፤ ክትባቱ በአንድ መጠን ከግማሽ ዶላር በላይ ከሆነ አገሮቹ ሊገዙት አይችሉም።

በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ምርቱ ይሠራል፤ ከዚያም ወጪው ተሰልቶ ዋጋ ይወጣለታል። እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ዋጋው እንደ ደኅንነቱና እንደ ፈዋሽነቱ ሁሉ ምርቱ ሊያሟላው የሚገባ መመዘኛ ሆነ። በዚህ ዋጋ ከትላልቅ አምራቾች ጋር መስማማት ባለመቻሉ ፕሮጀክቱ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነበት።

የሥራ ክፍፍል

የተመረጠው መንገድ ለእያንዳንዱ ተቋም በተሻለ የሚያውቀውን ሥራ መስጠት ነበር። ፖሊሳካራይዱን በአምስተርዳም የሚገኘው ሲንኮ የተባለ ኩባንያ አቀረበ። ማስተሳሰሪያ ዘዴው የመጣው ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪዎች ሲሆን፣ ፈቃዱ ለፓዝ ከተላለፈ በኋላ ዕውቀቱ ለአምራቹ ተሰጠ። አምራቹ በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ የሚገኘው ሴረም ኢንስቲትዩት ነው። ይህ ድርጅት ቴክኖሎጂውን ተቀብሎ ክትባቱን ከግማሽ ዶላር በታች ለመሸጥ ተስማማ።

የመጀመሪያው ክሊኒካዊ ሙከራ በ2005 በሕንድ ተጀመረ። በ2006 ሙከራው ወደ ማሊና ጋምቢያ፣ ቀጥሎም ወደ ሴኔጋል ተሻገረ። ክትባቱ በ2010 የዓለም የጤና ድርጅትን የቅድመ ብቃት ማረጋገጫ አግኝቶ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በቡርኪና ፋሶ ከ1 እስከ 29 ዓመት ለሆናቸው ሰዎች በአገር አቀፍ ዘመቻ መሰጠት ጀመረ።

ገፊና ሳቢ ድጋፍ

ለፈጠራ የሚሰጥ ገንዘብ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ምርቱ ከመገኘቱ በፊት ለምርምርና ለሙከራ የሚከፈል ሲሆን፣ ሥራውን ከኋላ ስለሚገፋው ገፊ ድጋፍ ሊባል ይችላል። በዚህ ዓይነቱ ድጋፍ የመክሸፍን አደጋ የሚሸከመው ለጋሹ ነው። ሁለተኛው ምርቱ ሲገኝ እንደሚገዛ አስቀድሞ ቃል በመግባት አምራቹን ወደ ፊት የሚስብ ድጋፍ ነው። ለሁለተኛው ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2007 የተበሰረው የኒሞኮካል ክትባት የግዢ ቃል ኪዳን ነው። ጣሊያን፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ ሩሲያ፣ ኖርዌይና ጌትስ ፋውንዴሽን 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለዚሁ መድበዋል። ኢትዮጵያም ይህን ክትባት በ2011 ወደ መደበኛ የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብሯ አስገብታለች።

አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ገፊ ድጋፍ ብቻውን ገዢ የሌለው ምርት ሊያስከትል ይችላል፤ ሳቢ ድጋፍ ብቻውን ደግሞ የምርምሩን ወጪ መሸከም የማይችሉ ትናንሽ ተቋማትን ከውድድሩ ያስወጣል። ሜንአፍሪቫክ ሁለቱንም አግኝቷል። ምርምሩ በገፊ ድጋፍ ተከናወነ፤ ለዘመቻዎቹ የሚውለውን ክትባት ደግሞ ጋቪ የተባለው የክትባት ጥምረት በመግዛት ደገፈ።

የተገኘው ውጤት

በ2012 የወረርሽኝ ወቅት በቻድ የተካሄደው ጥናት፣ ክትባቱ በተሰጠባቸው አካባቢዎች የማጅራት ገትር ክሥተት ካልተሰጠባቸው ጋር ሲነጻጸር በ94 በመቶ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ባክቴሪያውን በጉሮሮ የመሸከም ሁኔታም እጅግ ቀንሷል። ይህም ያልተከተቡትን ጭምር ይጠብቃል ማለት ነው። በ2012 ክትባቱ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት እስከ አራት ቀን ከቅዝቃዜ ሰንሰለት ውጭ ሊቆይ እንደሚችል ተፈቀደ። በረዶ በጫንቃ ተሸክሞ ወደ ሩቅ ቀበሌ የተጓዘ የጤና ባለሙያ የዚህን ፈቃድ ዋጋ ያውቀዋል።

ኢትዮጵያ ዘመቻውን ከ2013 እስከ 2015 በሦስት ዙር አካሂዳለች። በቀበቶው ውስጥ በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተከትበዋል፤ ከ2017 ወዲህ በአካባቢው በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የምድብ ኤ ሕመምተኛ አልተገኘም። የፕሮጀክቱ መዝጊያ ጉባኤ የተካሄደው በየካቲት 2016 በአዲስ አበባ ነበር።

ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ

ድሉ ግን ሙሉ አይደለም። ክትባቱ በምድብ ኤ ላይ ብቻ የተዘጋጀ በመሆኑ ሌሎች ምድቦች ማጥቃታቸውን ቀጥለዋል። በ2015 በኒጀር፣ በ2017 ደግሞ በናይጄሪያ በምድብ ሲ ምክንያት ከባድ ወረርሽኞች ተነሥተዋል። ፓዝና ሴረም ኢንስቲትዩት በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ዋይ እና ኤክስ የተባሉትን አምስት ምድቦች የሚከላከል ክትባት አዘጋጅተዋል። ሥራው 13 ዓመት ወስዷል። ክትባቱ በ2023 የቅድመ ብቃት ማረጋገጫ ያገኘ ሲሆን፣ በ2024 ናይጄሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቅማበታለች።

ከለጋሽ የሚገኝ ገንዘብ በለጋሹ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ለጋቪ የሚሰጠውን የገንዘብ ድጋፍ እንደሚያቆም ማስታወቁ ለዚህ ማስረጃ ነው። ለፈጠራ የሚሰጥ ድጋፍ ተቀባዩ አገር ራሱ ሊያስቀጥለው በሚችለው ዋጋ ላይ ካልተመሠረተ፣ ለጋሹ ፊቱን ባዞረ ቀን ምርቱም አብሮ ይጠፋል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ይህ ሁሉ ከሐኪሙ፣ ከነርሱና ከላቦራቶሪ ባለሙያው የራቀ የገንዘብና የስምምነት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እውነታው ግን ሌላ ነው። የትኛው የባክቴሪያ ምድብ፣ የት፣ በየትኛው ዕድሜ እንደሚያጠቃ ሊታወቅ የቻለው ሐኪሞች ከአከርካሪ የቀዱትን ፈሳሽ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች በመለየታቸውና ውጤቱ በየሳምንቱ በመመዝገቡ ነው። ክትባቱ በባክቴሪያው ተሸካሚነት ላይ ያለውን ውጤት ለማወቅ በሰባት አገሮች በተካሄደው ሜንአፍሪካር በተባለው ጥናትም አዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተሳትፏል።

እንግዲህ አንድ የትብብር ወይም የፈጠራ ሐሳብ ወደ ተቋማችን ሲመጣ፣ ወይም እኛው ራሳችን ድጋፍ ስንጠይቅ፣ ቢያንስ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማንሣት ይገባል።

1. ችግሩን የለየው ማን ነው? የመፍትሔው ተጠቃሚ የሚሆኑ ሕሙማንና ባለሙያዎች ተጠይቀዋልን?
2. የምርቱ ዋጋ ስንት ይሆናል? የድጋፉ ዘመን ሲያበቃ የሚገዛው ማን ነው?
3. መሣሪያ ከሆነ መለዋወጫው፣ ኬሚካሉና ጥገናው ከየት ይገኛል? መብራት በሚቋረጥበት ጤና ጣቢያ ይሠራልን?
4. ዕውቀቱና የማምረት መብቱ ለማን ይተላለፋል? የአገሪቱ ባለሙያዎች ሥልጠና በውሉ ውስጥ ተካቷልን?
5. የናሙናውና የመረጃው ባለቤት ማን ነው? የሥነ ምግባር ፈቃድ ተገኝቷልን? የአገሩ ተመራማሪ በጥናቱ ጽሑፍ ላይ የሚገባውን ስፍራ ያገኛልን?

ማጠቃለያ

የሜንአፍሪቫክ ታሪክ የሚያስተምረው፣ ለሕክምና ፈጠራ የሚሰጥ ገንዘብ ብዛቱ ብቻውን ውጤትን እንደማይወስን ነው። ውጤቱን የወሰኑት ተጠቃሚው ሊከፍለው የሚችለው ዋጋ ከምርምሩ በፊት መታወቁ፣ እያንዳንዱ ተባባሪ የሚችለውን መሥራቱ፣ ዕውቀቱ ለአምራቹ በግልጽ መተላለፉና ምርቱን የሚገዛ አካል አስቀድሞ መዘጋጀቱ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚመጣው ትክክለኛ መረጃ ነው። በአግባቡ የተቀዳ የአከርካሪ ፈሳሽና በጥንቃቄ የተሞላ የሳምንት ሪፖርት ነገ ለሚሠራው ክትባት የመጀመሪያው መዋጮ ስለሆነ፣ ባለሙያው ይህን ሥራ ከሕክምናው ለይቶ ሳያይ በትጋት ሊያከናውነው ይገባል።