የፊንላንድ ትምህርት በእንጅባራ ይበቅላል?

ለልጃችሁ ትምህርት ቤት ስትመርጡ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ምንድን ነው? «ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያስተምራል?» «የቤት ሥራ በብዛት ይሰጣል?» ብዙዎቻችን ከእነዚህ አንዱን እንጠይቃለን። በዚህ ጉዳይ ስንት ባልና ሚስት ማታ ማታ ተከራክረዋል! አንዱ «ክፍያው ከአቅማችን በላይ ነው» ሲል፣ ሌላው «ልጃችን ከጎረቤት ልጅ ለምን ያንሳል?» ይላል። በክርክሩ መካከል ደግሞ የአንድ ሩቅ አገር ስም ይነሣል፤ ፊንላንድ። «እዚያ እኮ ልጆች ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው አንደኛ ክፍል አይገቡም፤ ፈተና አያስጨንቃቸውም፤ ግን ከዓለም አንደኛ ናቸው» ይባላል።

ከዚህ ወሬ ምን ያህሉ እውነት ነው? ከእውነቱስ ለእንጅባራና ለዳንግላ ልጅ የሚበጀው የትኛው ነው? እስቲ አብረን እንመርምር።

ወሬውና እውነቱ

ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም። ፒሳ የተባለው ዓለም አቀፍ ምዘና የ15 ዓመት ልጆችን በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ይመዝናል። በ2000 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ፊንላንድ በንባብ አንደኛ ወጣች። የፊንላንድ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ነው። ከእያንዳንዱ 45 ደቂቃ ትምህርት በኋላ የ15 ደቂቃ ያህል ዕረፍት አለው። ምሳው በትምህርት ቤት በነፃ ይቀርብለታል። እስከ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ድረስም ሁሉን ተማሪ የሚያሰልፍ አገር አቀፍ ፈተና የለበትም።

ወሬው የሚተወው ግን ሌላው ግማሽ አለ። ፊንላንድ በ2006 እ.ኤ.አ. በሒሳብ 548 ነጥብ ነበራት፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ 484 ወርዳለች። አሁንም ከበለጸጉት አገሮች አማካይ በላይ ብትሆንም፣ የራስዋ ሰዎች ልጆች በፈቃዳቸው ማንበብ መተዋቸውና ስልክ ጊዜያቸውን መውሰዱ አሳስቧቸዋል። ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በትምህርት ሰዓት ስልክ መጠቀምን የሚገድብ ሕግ ሥራ ላይ አውለዋል።

በ2022ቱ ምዘና በሒሳብ፣ በንባብና በሳይንስ አንደኛ የሆነችው ሲንጋፖር ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ የሄደች አገር ናት። በስድስተኛ ክፍል ከባድ አገር አቀፍ ፈተና ትሰጣለች፤ የግል ማስጠናት የተለመደባት ናት። እንግዲህ ሁለት ተቃራኒ መንገዶች ወደ አንድ ከፍታ ካደረሱ፣ ምስጢሩ በፈተና መብዛትና ማነስ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከዲከረንስ እንማር

የአዊ ገበሬ ከውጭ የመጣ ነገር እንዴት ሥር እንደሚሰድ ከማንም በላይ ያውቃል። ዲከረንስ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ነገር ግን የፋግታ ለኮማ ገበሬ እንዳመጡለት ብቻ አልተከለውም። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ዘራበት፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብቱ አጨደ፤ በአራት በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል አወጣ፤ መሬቱንም መልሶ አረሰው። ዛፉን ከራሱ እርሻ፣ ከራሱ አፈርና ከራሱ ኪስ ጋር አስማማው። ብዙ ቤተሰብም ተጠቀመ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በሽታ ገብቶበት ሲደርቅ፣ በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ መተማመን ምን እንደሚያስከትል ገበሬው አይቷል።

ሥርዓተ ትምህርትም እንዲሁ ነው። አገራችን ከውጭ ስትዋስ ኖራለች። በ1908 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት ግብጻውያን ነበሩ። በደርግ ዘመን የምሥራቅ ጀርመን ባለሙያዎች አማከሩን። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ገባ። ብዙ ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚናገረውን ፈጣን ድምፅ ሳይከተል ሰዓቱ አለቀበት።

መዋስ ራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ ግማሹን መዋስ ነው። አንድ ምሳሌ እንይ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ አደረገ። ፊንላንድም ልጅን ክፍል ማስደገም እምብዛም አትወድም። ነገር ግን እዚያ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ወዲያው ድጋፍ ያገኛል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአምስት ተማሪ አንዱ ገደማ ለጥቂት ሰዓታት ከልዩ መምህር ጋር ይሠራል። እኛ ማለፉን ወሰድን፤ መደገፉን ተውን። በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ምዘና በአገሪቱ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ያ ትውልድ አድጎ ፈተና ላይ ሲቀመጥስ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ አሁንም ግን ከአሥር አንድ አይሞላም።

ሥሩ የት ነው?

ታዲያ የፊንላንድ ሥር የት ነው? ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ መጀመሩ ነው። በፊንላንድ ስዊድንኛ ተናጋሪዎች ከሕዝቡ አምስት በመቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ልጆቻቸው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በስዊድንኛ ይማራሉ። በሰሜን ጫፍ ያሉት ጥቂቶቹ ሳሚዎችም በአካባቢያቸው በቋንቋቸው ይማራሉ። ይህን ሐሳብ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በአዊ ዞንም አዊኛ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል። አንዳንድ ወላጅ ግን «በአዊኛ ተምሮ የት ይደርሳል?» ብሎ ይሰጋል። ስጋቱን አንንቀውም። ልጁ አማርኛም እንግሊዝኛም ያስፈልገዋል። ነገር ግን በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ ሲማር ማንበብን እንደ አዲስ አይጀምርም። በማያውቀው ቋንቋ የጀመረ ልጅ ግን ፊደሉንና ትርጉሙን በአንድ ቀን ይሸከማል።

ሁለተኛው መምህሩ ነው። ከ1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፊንላንድ የአንደኛ ክፍል መምህር እንኳ የማስተርስ ዲግሪ እንዲኖረው ይጠበቃል። በታወቁበት ዘመን ለመምህርነት ካመለከቱት የሚገባው ከአሥር አንድ ያህሉ ነበር። በእኛ አገር ግን ለብዙ ዓመታት መምህርነት ሌላ ዕድል ያጣ የሚገባበት ሥራ ተደርጎ ታይቷል። ደመወዙን እኛ ወላጆች ልንጨምር አንችልም፤ በቤታችን ስለ መምህር የምንናገረውን ግን ልንለውጥ እንችላለን። «እሱ ደግሞ ምን ያውቃል!» የምትል ቃል በልጅ ፊት ስትነገር የነገውን ትምህርት ትዘጋለች።

ሦስተኛው ብዙ የማይወራለት ቤት ነው። ፊንላንድ በስዊድን መንግሥት ሥር በነበረችበት ዘመን በ1686 እ.ኤ.አ. በወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ምእመናን ማንበብን እንዲማሩ ይጠበቅባቸው ነበር። ማንበብና መሠረታዊውን ትምህርተ ሃይማኖት ያላወቀ ሰው ለማግባት ይቸገር ነበር። ካህናቱ በየመንደሩ ቤተሰቡን ሰብስበው ያስነብቡ ነበር፤ ልጆችን ማስተማር የወላጅ ግዴታ ነበር። ዛሬ የምናደንቀው የጋራ ትምህርት ቤት በ1972 እ.ኤ.አ. ከሰሜን ተጀምሮ ሲስፋፋ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ሲያነብ የኖረ ቤተሰብ ጠበቀው። በአገራችንም ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 እ.ኤ.አ. የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ያሳተሙት፣ ሰው በገዛ ቋንቋው ሲያነብ ልቡ እንደሚከፈት ስለተረዱ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የፊንላንድን የትምህርት መርሐ ግብር መቅዳት ብዙም አይጠቅመንም፤ ሥሩን ግን ዛሬውኑ በቤታችን መትከል እንችላለን። ይህ ደግሞ ለአዊ ቤተሰብ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋ ለልጁ የሚቀርለት ትምህርት ቤት ቤቱ ነው።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ

1. በየማታው 15 ደቂቃ ከልጃችሁ ጋር አንብቡ። በአዊኛም ይሁን በአማርኛ፣ ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይሁን። አባትም ተራ ይግባ፤ ንባብ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። ወላጅ ማንበብ ባይችልም ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ መስማትና «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

2. በዚያ ሰዓት ስልኩ ይቀመጥ። የእናንተም ጭምር።

3. ልጃችሁ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ያላየውን ገጽ ስጡትና ያንብብላችሁ። ካልቻለ አትቆጡት፤ ሳትዘገዩም መምህሩን አግኙ።

4. መምህሩን «ስንተኛ ወጣ?» ከማለት «ምኑ ላይ ተቸገረ?» ብላችሁ ጠይቁ።

5. ስለ ክፍያ ከመከራከራችሁ በፊት ባልና ሚስት ሆናችሁ ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ሄዳችሁ እዩ። መምህራን ይቆያሉ ወይስ በየዓመቱ ይቀያየራሉ? የሦስተኛ ክፍል ልጆች አቀላጥፈው ያነባሉ? ከቆርቆሮው ቀለምና ከደንብ ልብሱ ይልቅ ይህ ይነግራችኋል።

6. የቤተ ክርስቲያናችሁ የሰንበት ትምህርት ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ባዶውን ከሚውል፣ ማንበብ የሚችሉ ወጣቶች ታናናሾቻቸውን ያስነብቡበት። የጎረቤት ልጅ የማን ቤተ እምነት ነው ሳይባል ይግባ።

በዘዳግም ምዕራፍ 6 እግዚአብሔር ልጆችን የማስተማርን አደራ አስቀድሞ የሰጠው ለወላጆች ነው፤ ቦታውም ቤትና መንገድ፣ ጊዜውም መኝታና ማለዳ ነው። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ይመጣል፤ ሌላም ይተካዋል። በእናንተ ጉልበት አጠገብ ተቀምጦ ማንበብ የለመደ ልጅ ግን የትኛውም ሥርዓተ ትምህርት ቢመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።