«በነጻ ላገልግል» ብትል ገንዘብ ተጠየቀች!

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ብርዱን እያባረርኩ ሳለ የአንኮበር ልጅ የሆነች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አገኘችኝ። «ጋሼ፣ በኢንተርኔት በጎ ፈቃደኛ ልሁን ብዬ ጻፍኩላቸው፤ የመመዝገቢያ 500 ብር ላኪ አሉኝ። እማዬ እንቁላል ሸጣ ያጠራቀመችውን ልላክ?» አትለኝም!

ኧረ በስመ አብ! ጉልበት በነጻ ለመስጠትም ይከፈላል እንዴ? እኔም በሷ ዕድሜ በ«ምዝገባ» ስም ተበልቻለሁና አንጀቴን በላችው።

እስቲ እንጨዋወት። ተማሪ አገር ማገልገሉ አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ገጠር ወርደው አስተምረዋል፤ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ያኔ ግዴታ ነበር፤ ዛሬ በፈቃድ ነው፣ ያውም ከቤት ሳይወጡ!

የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት የሚያሠራው 18 ዓመት የሞላውን ነው። ያልሞላችሁ አትዘኑ። በአማርኛው ዊኪፔዲያ ስለ አንኮበር ታሪክ ያነበባችሁትን፣ ምንጩን ጠቅሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ካርታ ላይ ደግሞ የሳተላይት ፎቶ እያያችሁ የሰፈራችሁን መንገድ ታሰምራላችሁ። ለምዝገባ ሳንቲም አይጠይቁም፤ ወጪያችሁ የኢንተርኔት ብቻ ነው።

ምክሬ አጭር ናት፦ ገንዘብ፣ የባንክ ቁጥር ወይም የመታወቂያ ፎቶ የሚጠይቃችሁን ሽሹ! ከመመዝገባችሁ በፊትም ለወላጅ ንገሩ።

ልጅቷስ? ብሩን አልላከችም። ሰሞኑን ስትደውልልኝ፣ እናቷ ውኃ የሚቀዱበትን የምንጭ መንገድ ካርታው ላይ አስምራለች። «ጋሼ፣ ለእማዬ ባሳያት ስቃ ልትሞት!» አለችኝ።

እናንተስ የማንን መንገድ ልታሰምሩ ነው?