አራተኛ ክፍል ላይ የሚጠብቃቸው እንግሊዝኛ

ጆሃንስበርግ ውስጥ የትምህርት ቋንቋ ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የአፓርታይድ መንግሥት በጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ማኅበራዊ ጥናት በአፍሪካንስ፣ ሳይንስ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አዘዘ። ብዙ መምህራን ራሳቸው አፍሪካንስን በቅጡ አይችሉትም ነበር። ጁን 16 ቀን 1976 በከተማዋ የጥቁሮች ሰፈር በሶዌቶ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ከሞቱት አንዱ ሄክተር ፒተርሰን ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

የዛሬው ሕግ የዚያ ተቃራኒ ነው። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው በመንግሥት ትምህርት ቤት በመረጠው ኦፊሴላዊ ቋንቋ እንዲማር ይፈቅዳል፤ «በተግባር እስከተቻለ» የሚል ገደብ ግን አለበት። ብዙው ነገር የሚቀረው እዚህ ገደብ ላይ ነው። የሶዌቶ ልጅ እስከ 3ኛ ክፍል በዙሉ ወይም በሶቶ ይማራል። በተለመደው አሠራር 4ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። የእንግሊዝኛና የአፍሪካንስ ተናጋሪ ልጆች ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጀምረው በዚያው ይጨርሳሉ። በአገሪቱ ብዙ ተናጋሪ ያለው ዙሉ ይህ ዕድል የለውም።

እንግሊዝኛን የሚመርጡ ወላጆችን የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ አልወቅሳቸውም። ዩኒቨርሲቲውም ሥራውም በእንግሊዝኛ ነው። ችግሩ ልጁ ማንበብ ሳይችል ቋንቋው መለወጡ ነው። በ2021 በተደረገው ዓለም አቀፍ የንባብ ምዘና ከደቡብ አፍሪካ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች 81 በመቶው ያነበቡትን መረዳት አልቻሉም። የተፈተኑት ደግሞ በታችኛው ክፍል በተማሩበት ቋንቋ ነው። በራሱ ቋንቋ ያላነበበ ልጅ የሳይንስን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ እንዴት ይገፋዋል?

«በአፍ መፍቻ ይማሩ» ማለትም ጆሃንስበርግ ላይ ቀላል አይደለም። አፓርታይድ እንደ ሜዶውላንድስ ያሉ ሰፈሮችን በብሔር ቢከፋፍልም ልጆቹ መንገድ ላይ ዙሉውን፣ ሶቶውን፣ ጽዋናውን ቀላቅለው ያወራሉ፤ የመጽሐፉ ዙሉ ለአንዳንዶቹ ባዕድ ነው። በከተማዋ ጄፒ በሚባለው አካባቢ የሚነግዱ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ልጆች ደግሞ ቤታቸው አማርኛ ወይም ሀዲይኛ ይሰማሉ፤ እነዚህ ከ12ቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ውስጥ የሉም።

ፕሬዚዳንት ራማፎሳ በሴፕቴምበር 2024 የፈረሙት የትምህርት ሕግ ማሻሻያ ያስነሳው ክርክር በአብዛኛው የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ማን ይወስን በሚለው ላይ ነበር፤ የወላጆች ቦርድ ወይስ የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣን? የአፍሪካንስ ትምህርት ቤቶች ሥጋት የጋዜጣውን ገጽ ሞላው። የ4ኛ ክፍሉ ልጅ ከዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ ብዙም አልታየም።

ለእሱ የሚበጀው ሌላው እርምጃ ነው። ከ2025 ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ ከ3ኛ ክፍል በኋላም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ጎን ለጎን እንዲሰጡ ተወስኗል። ውሳኔው መምህር፣ መጽሐፍና በሁለት ቋንቋ የተጻፈ የፈተና ወረቀት ይፈልጋል። የ12ኛ ክፍል መጨረሻ የሆነው የማትሪክ ፈተና ከቋንቋ ትምህርቶች በስተቀር ሲዘጋጅ የኖረው በእንግሊዝኛና በአፍሪካንስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ማትሪክ የሚቀመጡት በ2033 ነው፤ ወረቀቱን በዙሉና በሶቶ የማሰናዳቱ ሥራ መጀመር ያለበት አሁን ነው።