በዘር የሚመጣ ካንሰር፦ የምርመራውን ውጤት ማን ይስማው?



በጎጃም ክፉ ወሬ በተሰማበት ሰዓት አይነገርም። መርዶ የሚረዳው ዘመድና ጎረቤት ከተሰባሰበ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጎህ ሲቀድ። ልማዱ ርኅራኄ አለው፤ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነውና። ሆስፒታል ሲገባ ግን መልኩ ይለወጣል። አንዲት እናት ከደብረ ማርቆስ ተነሥታ፣ ዐባይን ተሻግራ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አዲስ አበባ ስትደርስ ካንሰር እንዳለባት ከእርሷ በፊት ወንድሟ ወይም ልጇ ይሰማል። ከዚያም ሐኪሙን ለብቻው አግኝቶ "ዶክተር፣ እባክዎ ለእርሷ አይንገሩብን" ብሎ ይለምናል። ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ስለዚህ ወደዚያ የተላከች ሴት ማንም ባይነግራትም ለምን እንደ ተላከች ታውቃለች። እርሷም ልጆቿ እንዳይጨነቁ ዝም ትላለች፤ ሁሉም አውቆ ሁሉም ይደባበቃል።

አሁን ደግሞ ከዚህ የሚለይ ሌላ ዓይነት ውጤት መጥቷል። ይኸውም የዘር ምርመራ ነው። ከደም ወይም ከምራቅ ናሙና ተወስዶ፣ ካንሰሩ በቤተሰብ ከሚተላለፍ የዘር ለውጥ የመጣ መሆን አለመሆኑ ይታያል። አብዛኛው ካንሰር በዘር የሚወረስ አይደለም፤ ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች በውርስ የመጣባቸው ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ከእነዚህ መካከል በጣም የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 ተለይተው የተገኙት ቢ.አር.ሲ.ኤ. 1 እና ቢ.አር.ሲ.ኤ. 2 የሚባሉት ዘረ መሎች ናቸው። ለውጡን የወረሰች ሴት በዕድሜዋ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከመቶ 60 በላይ ነው፤ በአሜሪካ ለሌሎች ሴቶች ግን ከመቶ 13 ያህል ነው። የእንቁላል ማኅደር ካንሰርንም ያመጣል። እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ብዙዎች "የእናት ነገር" ይመስላቸዋል፤ አባትም ያስተላልፋል።

ምርመራው በአገራችን በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በስልክ ነው። አሜሪካ ያለች እህት ታመመች፣ ተመረመረች፣ ለውጡ ተገኘባት እንበል። ሐኪሟ "እህቶችሽና ወንድሞችሽ ይወቁ" ይላታል። ደብረ ማርቆስ ላሉት ምን ብላ ትንገራቸው? መርማሪ በሌለበት ማስጨነቅ ነው ብላ ዝም ትበል? እኔ ዝም እንዳትል እመክራለሁ። ሙሉ ምርመራው ባይኖር እንኳ፣ ወሬውን የሰማች ሴት ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ዕለት ጠበልም ጸሎትም እስኪያልቅ ድረስ ወራት አትጠብቅም። እንጸልይ፤ እየጸለይንም ሆስፒታል እንሂድ።

ታማሚዎቹ ራሳቸው ምን ይላሉ? በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ አብዛኞቹ ውጤቱን መስማት የሚፈልጉት ከራሳቸው ይልቅ ለልጆቻቸው ብለው ነው። ውጤቱ ለታማሚዋም ይጠቅማል፤ ቀዶ ሕክምናውንና መድኃኒቱን ለመምረጥ ይረዳል። የሰሙት በመጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ የብዙዎቹ ጭንቀት ግን በወራት ውስጥ ይበርዳል። እንደ ሥጋት ሳይሆን እንደ ጸጸት የሚቆየው "ለልጄ ያወረስኳት እኔ ነኝ" የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የጎጃም ሰው ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር አለ። በደብረ ኤልያስ፣ በደምበጫና በአካባቢው የእግር ዝሆኔ ያለባቸው ብዙ ወገኖች አሉ። "በዘራቸው ነው" ስለ ተባለ ከቤታቸው ልጅ የሚያገባ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት በእርግጥም የዘር ተጋላጭነት እንዳለበት አሳይቷል። ነገር ግን በሽታው የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ ዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ነው። ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ልጅ፣ የአባቱን ዘር ይዞም ቢሆን፣ ሊድን ይችላል። እንግዲህ "በዘር ነው" የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ሰውን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሰሚው "እንግዲያው ጫማ ምን ያደርግልኛል" ካለ።

በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። እናት፣ አክስት፣ እህት በአንድ በሽታ ሲሞቱ "የትውልድ እርግማን" የሚል አገልጋይ አይጠፋም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት የጠየቁትና ጌታ የመለሰላቸው በዮሐንስ 9 ተጽፏል፤ ኃጢአቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። ውጤቷን ይዛ የመጣችን እህት በእርግማን ስም ማስጮህ ሌላዋ ወረቀቷን እንድትደብቅ ማስተማር ነው።

ታዲያ ውጤቱን ማን ይስማ? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው የሰው ዘረ መል መግለጫ እያንዳንዱ ሰው የዘር ምርመራ ውጤቱን ለመስማትም ላለመስማትም የመወሰን መብት እንዳለው ይናገራል። ይህም ማለት ወንድም ቀድሞ ሐኪሙን አይለምንም፤ ልጅም "ደካማ ናት" ብሎ አይወስንላትም። ነቢዩ ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ የሞቱን ወሬ የነገረው ለራሱ ለንጉሡ ነበር (2ኛ ነገሥት 20)፤ ለቤተ መንግሥት ሹማምንት አልነበረም። ጥያቄው ለእርሷ፣ ደሙ ከመወሰዱ በፊት ይቅረብ፦ መስማት ትፈልጊያለሽ? ከማን ጋር? አልችልም ብትል ለልጆችሽ ማን ይንገርልሽ? ለአንዷ ከባልዋ ጋር፣ ለሌላዋ ከእህቷ ጋር መስማት ይቀላታል። ዘመድ የመሰብሰብ ልማዳችን እዚህ ቦታ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ውጤቱ ሁልጊዜ "አለ" ወይም "የለም" ብቻ አይደለም። "ለውጥ አለ፣ ትርጉሙ ግን ገና አልታወቀም" የሚል መልስም ይመጣል። ብዙው ጥናት በአውሮፓውያን ዘር ላይ ስለ ተደረገ እንዲህ ያለው መልስ ለአፍሪካውያን ይበዛል። ይህን የሰማች እህት "ተገኘብኝ" ብላ አትዘን፣ ለቤተሰቧም እንደዚያ ብላ አትንገር። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ለውጦች ቆይተው ጉዳት የሌላቸው ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ወረቀቱን ታስቀምጥ፣ ስልኳን ለሐኪሙ ትተው፣ በየዓመቱም አዲስ ነገር እንዳለ ትጠይቅ።